ጋሽ ሁሴን እና የአዋሽ አዞዎች

የጋሽ ሁሴንን ሞት የሰማሁት አሰላ ገበያ ፓፓያ ስመርጥ ነው። ከዴራ ፍራፍሬ እያመጣች የምትሸጥልኝ ዘይነባ እጄን ያዝ አደረገችና፣ «አስካለ፣ አልሰማሽም መሰለኝ» አለችኝ። «ያ አዞ ይለካ የነበረው ሰውዬ፣ ከእናንተ ጋር ቢሮ የነበረው፣ ከትናንት ወዲያ ቀበርነው።»

አዞ ይለካ የነበረው ሰውዬ! ዴራ ውስጥ መጠሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ሆኖ ቀረ። እሱ ግን በዕድሜው አንድም አዞ ለክቶ አያውቅም። የለካው አሸዋ ነው፤ የወንዝ ዳር ነው፤ ጥላና የውሃ ጥልቀት ነው። አዞ የት መኖር እንደሚችል፣ የት እንደማይችል ለማወቅ ሲል በአካባቢያችን የሚያልፈውን የአዋሽን ዳር በእግሩ ያካለለ ሰው ነበር።

ፓፓያውን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ የዴራ መኪና ተሳፈርኩ። ከአሰላ ብርድ ወደ ዴራ ሙቀት ሲወረድ ኢተያ ላይ ሹራብ ይወለቃል። ከጋሽ ሁሴን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መንገድ ስንወርድ ሹራቤን ሳወልቅ አይቶ፣ «እንኳን ወደ አገሬ በደህና መጣሽ» ያለኝ ትዝ አለኝና መስኮቱ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ አያቶቼ ከሸዋ የመጡ፣ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊነት የተቀጠርኩ ወጣት ነበርኩ። የምሠራበት ክፍል መስኮቱ ወደ ጭላሎ ተራራ ነው፤ ክረምት ላይ ጣቴ ደንዝዞ ብዕር መያዝ ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ብርዱ በከፋበት ማለዳ አንድ ረጅም ጠይም ሰው እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። የዱር አራዊት ባለሙያ ተመድቦልናል ሲባል ሰምተን ስለነበር ጠመንጃ ያነገተ አዳኝ ነበር የጠበቅነው።

«ብርዱ አይሰማዎትም?» አልኩት።

«አንቱ አትበዪኝ፤ ገና ጥርሴ አልረገፈም» አለኝ። ከዚያ ሁለት ኪሱን ተራ በተራ ገልብጦ ሁለት ጭብጥ አሸዋ ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሰው። ሥራዬን አበላሸብኝ ብዬ ልቆጣ ስል፣ «ዓይንሽን ጨፍኚና ሁለቱንም ዳሺ» አለኝ። እንደ ሕፃን ሲያዘኝ እንደ ሕፃን ታዘዝኩ። አንደኛው ልስልስ፣ ደረቅ፣ በጣቶቼ መሃል የሚፈስ ነው። ሁለተኛው ጭቃ የነካካው፣ እብጥ እብጥ ያለ ነው።

«በመጀመሪያው አሸዋ ውስጥ አዞ እንቁላሏን ትቀብራለች» አለኝ። «በሁለተኛው ብትቀብር እንቁላሉ ይታፈናል። ያንቺ ካርታ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ሰማያዊ መስመር ናቸው። ይሄ ወንዝ አይደለም አስኩ፤ ክር ነው። ወንዙን እንድትስይልኝ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አስኩ ሆነ። እኔም ጋሼ አልኩት።

ጋሽ ሁሴን የዴራ አካባቢ አርሲ ኦሮሞ ነው። አማርኛው የጠራ ነበር፤ ሲናደድና ሲደሰት ግን ሳያውቀው ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል። በወጣትነቱ ስለ ዱር አራዊት ተምሮ ብዙ አገር ዞሯል፤ በመጨረሻ ግን ወደ ተወለደበት ወንዝ ልመለስ ብሎ አመለከተ። በንጉሡ ጊዜ ቆዳ ነጋዴዎች አዋሽን በጠመንጃ አበጥረውት ስለነበር አዞው እየተመናመነ መሄዱን ያውቃል። የተረፉት ደግሞ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ከሌላቸው እነሱም ያልቃሉ። የእሱ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ወንዙን ሁሉ እንጠብቅ አላለም። አዞ ሊፈለፈልባቸው የሚችሉትን ጥቂት ቦታዎች ለይተን እንወቃቸው፣ እነሱን ብቻ እንተውላቸው ነው ያለው።

ቢሮው ሳቀበት። ጊዜው ሁሉም ነገር በጥቅሙ የሚመዘንበት ነበር። አንዱ ባልደረባችን፣ «ለመሆኑ አዞ ለአብዮቱ ምን ያበረክታል?» ብሎ ሲያሾፍበት ጋሽ ሁሴን ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ አዳመጠው። ከዚያ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ከአንተም ከእኔም በፊት እዚህ ነበር» አለው። «ላጥፋው የሚል ሰው ምክንያት ያምጣ እንጂ፣ እሱ ለምን እንደሚኖር ምክንያት ማቅረብ የለበትም።» ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጮኾ ሲናገር ሰምቼው የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ለሥራው መስክ ይዞኝ እንዲወርድ ሲጠይቅ የክፍላችን ኃላፊ፣ «ሴት ልጅ አዞ አፍ ውስጥ ልትወስድ ነው?» ብሎ ከለከለ። ጋሽ ሁሴን ግን፣ «ያላየችውን ከሳለች ውሸት ትስላለች፤ ፊርማው ደግሞ የአንተ ነው» አለው። ፊርማ ሲባል ኃላፊያችን ፈቀደ።

እንደዚያ ነው መልካ ጨፌ የሚባለውን ቦታ ያየሁት። አዋሽ እዚያ ላይ ጠመዝመዝ ብሎ ይሰፋና ያንቀላፋል። ውሃው ጥልቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ከፍ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት አሸዋ አለ፤ ከጀርባው ግራር ጥላ ይጥልበታል። ጋሽ ሁሴን ከሩቅ ቁጥቋጦ ሥር በደረታችን አስተኛንና፣ «ዝም ብለሽ ስሚ» አለኝ። በልጉ ሊገባ ነው፣ ሰማዩ ደምኗል። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ ከአሸዋው ሥር የጫጩት የመሰለ ድምፅ መጣ። «እንቁላሉ ውስጥ ሆነው እናታቸውን እየጠሩ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

እናቲቱ ከውሃው ወጣች። እንደዚያ ያለ ፍጥረት በዚያ ዝግታ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። አሸዋውን በፊት እግሮቿ ጫረች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ልጆቿን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች።

«በላቻቸው!» ብዬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ተጫነኝ። እናትየዋ ወደ ውሃው ወረደች፣ መንጋጋዋን ከፈተች፣ ልጆቹ ወደ ሸንበቆው ሥር ተበተኑ። ያ ሁሉ ጥርስ አንዱንም አልጫረም። ጋሽ ሁሴንን ዞሬ ሳየው ፈገግ አላለም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ ልተረጉመው አልቻልኩም።

የተረጎመችልኝ የሰፈሩ ሰው የሆነች አሮጊት ናት። ወደ መኪናው ስንመለስ ፍየሎቿን ይዛ አገኘችንና እሱን ስማ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እህቱን ናቻ በላው። እሱ ናቻ ይጠብቃል። ይሄ ሰው ልቡ ከምንድን ነው?» አለችኝ። ናቻ በኦሮምኛ አዞ ማለት ነው።

መኪና ውስጥ ገባን። በኋላ እኔ ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«ታናሼ ነበረች። ውሃ ልንቀዳ አብረን ወርደን ነው። እዚያው ባየሽው ቦታ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት…»

«ሁሉም ይሄን ይጠይቀኛል። እኔም ልጅ ሆኜ ሁሉንም ገድዬ ልጨርስ ነበር ምኞቴ። ስማር ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። እኛ እዚያ ምን እናደርግ ነበር? ድሮ የምንቀዳው ከላይ ነበር፣ ጠጠር ያለበት፣ ውሃው ፈጣንና ጥልቀት የሌለው ቦታ። ባላባቱ ለእርሻዬ ብሎ አጠረው። ‹እናንተ ከታች ቅዱ› አለን። ከታች ያለው የአዞ ቤት ነው፤ እዚያ የሚቀዳ ሰው ጀርባውን ለወንዙ አይሰጥም። አዞ ቤቱን አልቀየረም አስኩ። በር ላይ የጣሉን ሰዎች ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ያን ካርታ በሌላ ዓይን አየሁት። በየሳምንቱ ከመስክ ሲመለስ የለካውን ያመጣልኛል፣ እኔ በቀለም አሰፍረዋለሁ። እንቁላል የሚቀበርበትን አሸዋ ቢጫ፣ ጥልቁን ውሃ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ልጆቹ የሚደበቁበትን ሸንበቆ አረንጓዴ አደረግነው። ሦስቱ ቀለማት ተጠጋግተው የሚገኙበት ቦታ አዞ የሚፈለፈልበት ነው። ያ ሁሉ ወንዝ ተጠንቶ እንዲህ ያለ ቦታ በጣም ጥቂት ነው የተገኘው። ትልቁ መልካ ጨፌ ነበር።

ካርታው ሊያልቅ ሲል የመንደር ምስረታ መጣ። አርሲ ውስጥ ያን ዘመን ያየ ሰው አይረሳውም። በየሸለቆው ተበትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። የእኛ ቢሮ ቦታ መረጣውን እንዲያግዝ ተባለና ዝርዝሩ መጣልን። ከታቀዱት መንደሮች አንዱ መልካ ጨፌ ላይ ነው። ሜዳ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ጥላ አለው፤ ከመኪና ላይ ሆኖ ለሚያይ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ጋሽ ሁሴን ዝርዝሩን ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ካርታውን ገልብጪልኝ» አለኝ።

«እንዴት ልገልብጠው?»

«እስካሁን ለአዞ የሚመች ቦታ ነው የሳልነው። አሁን ለአዞ የማይመቸውን ሳዪልኝ። ጠጠር፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ፈጣን ውሃ፣ ሸንበቆ የሌለበት። እዚያ ሰው ይሰፍራል።»

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ቢሮ ሄድኩና አብረን ስንሠራ ዋልን። ባለቤቱ ፋጡማ ምሳ አምጥታልን ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሁሴን፣ ልጆች አሉህ» አለችው። እሱም፣ «ስለዚህ ነው» አላት።

ስብሰባው አሰላ ነበር። የመራው ጓድ ተሾመ የሚባል የጮሌ ወረዳ ተወላጅ ካድሬ ነው፤ ደገኛ ስለሆነ ትልቅ ወንዝ አያውቅም። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ከላይ የሚታዘዝ፣ ወደታች የሚያዝ፣ በመሃል እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ጋሽ ሁሴን እጁን አውጥቶ ስለ መልካ ጨፌ ተናገረ።

«ይገባኛል» አለ ጓድ ተሾመ። «ለአዞ ብለህ ሰፊውን ሕዝብ ከውሃ ልታርቅ ነው።»

«ጓድ፣ እኔ ሕዝቡን ከውሃው አላራቅሁም። ከላይ ጠጠሩ ጋ ቦታ አለ፣ ካርታው ያሳያል።»

«ጠጠሩ እርሻ አይሆንም። አዞዎቹን ሚሊሻ ልከን በአንድ ቀን እንጨርሳቸዋለን።»

«የምታዩትን ትገድላላችሁ» አለ ጋሽ ሁሴን። «ልጅ የሚወስደው የማታዩት ነው።»

«ጓድ ሁሴን! ይሄ ቅስቀሳ ነው!»

ያኔ ነው የጮኸው። «ቅስቀሳ አይደለም፤ ልቅሶ ነው!» አለ። «ባላባቱ ከውሃው አባሮ እዚያ ጣለን። መሬት ላራሹ ብላችሁ ስትመጡ ያለቀስኩት በደስታ ነው። አሁን እናንተም እዚያው ልትጥሉን ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ጸሐፊ ክንዴን ጨበጠች። በዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰ ቃል የተናገሩ ሰዎች ወዴት እንደሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ ተሾመ ደብተሩን ዘጋና፣ «ነገ ቦታው ላይ ታሳየኛለህ። ካላሳየኸኝ ግን ወደ ቢሮህ አትመለስም» አለ።

በማግሥቱ ካርታውን የምታስረዳ እኔ ነኝ ተብዬ አብሬ ወረድኩ። ጓድ ተሾመ፣ ሁለት ሚሊሻዎች፣ ጋሽ ሁሴንና እኔ። መልካ ጨፌ ስንደርስ ውሃው እንደ ዘይት ተኝቷል። ወፍ ይዘምራል። ጓድ ተሾመ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወዲያና ወዲህ አየ።

«አንድም አዞ አይታየኝም።»

«እኔም አይታየኝም» አለ ጋሽ ሁሴን።

ከመኪናው ጀሪካን አወረደ። በመጫኛ አሰረው፣ የመጫኛውን ጫፍ ግራር ላይ ቋጠረ። ጀሪካኑን ወደ ውሃው ወርውሮ ልጅ ውሃ ስትቀዳ እንደምታደርገው ጠለቅ፣ ብቅ፣ ጠለቅ፣ ብቅ አደረገው። ምንም የለም። ስቦ አወጣውና ደገመው። አሁንም ምንም የለም። አንደኛው ሚሊሻ ሳቀ። ጓድ ተሾመ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ሁሴን ማንንም አላየም፤ ዓይኑ ጀሪካኑ ላይ ነው። እንደገና ወረወረው።

ውሃው አልፈላም፣ አልጮኸም። መጫኛው ብቻ ድንገት እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ግራሩ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቅጠሉ ረገፈብን። ከዚያ መጫኛው ላላ። ትንሽ ቆይቶ ጀሪካኑ ወደ ላይ መጣ፤ እንደ ወረቀት ተጨምድዷል። ወፎቹ ዝም ብለዋል።

የሳቀው ሚሊሻ ወደ ኋላ እየሄደ መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሁሴን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ብብቱ ሥር ደበቃቸው። ያንን ነገር ለማሳየት ሲል ምን እንደገና እንዳየ ገባኝ። ጓድ ተሾመ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እህት ነበረችህ አሉኝ።»

«አዎ» አለ ጋሽ ሁሴን። «ሐሊማ ትባል ነበር።»

ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ ላይኛው ቦታ ሄድን። ውሃው ጠጠሩ ላይ እየተንኳኳ ይፈሳል፤ ታቹ ይታያል። ጋሽ ሁሴን ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባና ፊቱን ታጠበ። ጓድ ተሾመ አመንትቶ፣ አመንትቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተለው። ሁለቱ ሰዎች ውሃው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ምን እንደተነጋገሩ ከዳር ሆኜ አልሰማሁም።

መንደሩ ጠጠሩ ጋ ተመሠረተ። በሪፖርቱ ላይ የኮሚቴው ውሳኔ ተብሎ ተጻፈ፤ የጋሽ ሁሴን ስም የትም አልገባም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ «የሥነ ሥርዓት ጉድለት» በሚል አርቦዬ ወደሚገኝ የእህል መጋዘን ተዛወረ። እኔ ተናደድኩ፣ አለቀስኩ። እሱ ግን ዕቃውን እየሸከፈ፣ «ጓድ ተሾመ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ስምህ ሌላ ዝርዝር ላይ ነበር፤ ማድረግ የቻልኩት ይሄን ነው› አለኝ። አርቦዬ ከዚያኛው ዝርዝር ይሻላል፤ ፀሐይም አለው» አለኝ። የጀመርነው ካርታ ሳይፈረምበት ቀረ። የሚጠበቁ ቦታዎች ይሆናሉ ያልናቸው በወረቀት ሳይጸኑ፣ ማንም ስላልሰፈረባቸው ብቻ ለአዞዎቹ ተተዉ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አርቦዬ ሄጄ ጠየቅሁት። መጋዘን ውስጥ፣ በገብስ ጆንያዎች መካከል፣ ብርጭቆ ሻይ ይዞ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጥቷል። ወንዙ አልናፈቀህም ወይ ስለው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይናፍቀኛል» አለ። «ግን አስኩ፣ አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ቁጭ ብሎ ማየት የለበትም። እዚያ መኖሩን ማወቅ ይበቃዋል።» ከዚያ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ አሰላ ብርድ ቀለደብኝ፣ ለመንገዴ ሙዝ ገዝቶ አስያዘኝ። በጡረታ ወደ ዴራ ተመልሶ እስኪያርፍ ድረስ በአካል ያገኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዴራ ደርሼ ሐዘን ቤቱ ስገባ ፋጡማ አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ለቀስተኛው ከየአቅጣጫው መጥቷል። ደርግ ሲወድቅ መንደሩ ፈርሶ ሰዉ ወደ ቀድሞ ቦታው ተበታትኗል፤ ውሃ ግን ዛሬም ከጠጠሩ ነው የሚቀዳው አሉኝ። ፋጡማ እንዳድር ለመነችኝና አደርኩ። ጠዋት ላይ፣ «ነይ፣ ልጆቹ ውሃ ሊያመጡ ነው፣ አብረን እንውረድ» አለችኝና በጋሪ ወደ ወንዙ ወረድን።

ሴቶች ጠጠሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። ከፊሎቹ ጀሪካን ይሞላሉ፣ ከፊሎቹ ልብስ ያጥባሉ፤ ሕፃናት ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ይረጫጫሉ። ፋጡማን ሲያዩ ተነሥተው ለቅሶ ደረሷት፤ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። የሠርግ ወሬ ነበር። አንዷ ሙሽሪትን እያስመሰለች ስትሄድ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ፋጡማ ክንዴን ነካ አደረገችና በአገጯ ጠቆመችኝ።

«አየሽ?» አለችኝ። «ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ነው የሚያወሩት።»